ጳጉሜ የሌለበት ቅጽ

ኮዱ የሚመጣው በወይዘሮ የብርጓል ስልክ ነው። ማኅሌት የዲጂታል መታወቂያ ስታወጣ የራሷ ስልክ ተሰብሮ ነበርና የአያቷን ቁጥር አስመዘገበች፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥት ማኅሌትን የሚላት ነገር ካለ መጀመሪያ የሚሰሙት አያቷ ሆኑ። ስለዚህ ልጅቱ በኢንተርኔት ሥራ ልታመለክት ወደ ከተማ በሄደች ቁጥር ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ከጉያቸው ይከታሉ፣ ከዘንዘልማ ሚኒባስ ተሳፍረው አባይን ተሻግረው አብረዋት ይሄዳሉ።

«ስልኩን ብቻ ቢሰጡኝ እኮ ይበቃል፣ እናና» ትላለች ማኅሌት በየጊዜው።

«እኔስ? ገድሉ ቢደውል በምን ልስማው?»

ገድሉ መሸንቲ ያለው ወንድማቸው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይደውላል፤ አንዱ ለፋሲካ ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ልጅቱ ወረቀት ፊት ብቻዋን እንድትቆም አይፈልጉም። ወረቀት እሳቸውን አንድ ጊዜ አሞኝቷቸዋል።

ማኅሌት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በዓሣ ሀብትና በውኃ ሳይንስ ከተመረቀች ሁለት ክረምት አለፈ። እስካሁን ያገኘችው ሥራ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ዘንድ ጠዋት ጠዋት ቀረሶና አምባዛ እያስመዘነች መመዝገብ ነው። «ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርሁት?» ብላ አታውቅም። ግን ቤት ስትገባ እጇን ሦስት ጊዜ በሎሚ ስትታጠብ አያቷ ያያሉ። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አሥራ አንድ ጊዜ አመልክታለች። ዘጠኙ መልስ አልሰጡም፤ አንዱ «የላኩት ፋይል አልተከፈተም» አለ፤ አንዱ ደግሞ ፈተናው ባለፈ በአራተኛው ቀን ለፈተና ጠራት።

አሁን የወጣው አሥራ ሁለተኛው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሐይቅ ውኃ ጥራት ቴክኒሺያን ይፈልጋል፤ ብዛት ሁለት፣ የሥራ ቦታ ባሕር ዳር። ማኅሌት ማስታወቂያውን ስታነብላቸው ድምጿ ሲለወጥ ሰምተዋል። ሥራው ጣና ላይ ነው፤ በጀልባ ወጥቶ ውኃ መቅዳት፣ የቀዱትን መመርመር፣ የእምቦጭ አረሙ የት እንደ ደረሰ መከታተል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሐይቁ ዳር ቆማ «ውስጡ ምን አለ?» እያለች ስታስቸግራቸው የኖረች ልጅ ናት። ማመልከቻው የሚዘጋው ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።

ነሐሴ ሃያ ቀን ጠዋት ጌትነት ዘንድ ሄዱ። ጌትነት ወደ ጀልባዎቹ መነሻ በሚወስደው መንገድ ላይ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለው። ዘንዘልማ ላይ ኔትወርክ እንደ ችኩል እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ጌትነት ዘንድ ቢያንስ ይቀመጣል። አምስት ኮምፒዩተር አለው፤ ሦስቱ ይሠራሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ሲመቱት ነው።

«እማማ የብርጓል፣ ኮዱን ልኮታል። ይመልከቱ።»

ወይዘሮ የብርጓል መነጽራቸውን አደረጉ፤ መሐረቡን ፈቱ። «ቆይ። አራት… ዜሮ… ዜሮ… ይቺ ሰባት ናት። አይ፣ አንድ ናት። ሰባት ናት።»

«አለፈበት» አለ ጌትነት።

«ምኑ?»

«ኮዱ። ጊዜው አለፈበት። ሌላ ይልካል።»

«ምን ያጣድፈዋል? የሚያሯሩጠው አለ?»

ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። ሲሦ ደቂቃ እንኳ ሳይታገሥ ያልፋል። ማኅሌት እጇን ዘርግታ፣ «እኔ ላንብበው እናና» አለች።

«ማንበብ እችላለሁ።»

ማኅሌት እጇን መለሰች። ይኼን ነገር ስለምታውቅ ሁለተኛ አልጠየቀችም። በአራተኛው ኮድ ወይዘሮ የብርጓል ቁጥሮቹን ሳያቋርጡ ጠሩ፤ ጌትነት መታ መታ አደረገ፤ ቅጹ ተከፈተ።

ስም ተሞላ። ጾታ ተሞላ። የትውልድ ቀን ጋ ሲደርሱ ጌትነት ቀኑን መረጠ፣ ሦስት። ወሩን ሊመርጥ ዝርዝሩን ጎተተው። መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ወረደ፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ ደረሰ፤ ቆመ። እንደገና ጎተተው። አሁንም ነሐሴ ላይ ቆመ።

«ጳጉሜ የለም» አለ። የበፊቶቹ ቅጾች ቀኑን በቁጥር ያስጽፉ ነበር እንጂ ወር አያስመርጡም።

«እንዴት የለም?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «ነሐሴ ሠላሳ ሲሞላ ምን ሊመጣ ነው?»

«ለመንግሥት መስከረም ነው የሚመጣው እማማ። ጳጉሜ ደመወዝ የሌለው ወር አይደል? የማይከፈልበትን ወር ማን ብሎ ይጽፈዋል።»

ማኅሌት አልሳቀችም። «ዲግሪዬ ላይ ያለውን ሞክረው። መስከረም አንድ፣ ዘጠና ሦስት።»

ሞከረው። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ ያስገቡት የልደት ቀን ከመታወቂያዎ ጋር አይመሳሰልም።

ጌትነት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ልጅቱን አያት። «መታወቂያሽ ጳጉሜ ሦስት ዘጠና ሁለት ይላል። ዲግሪሽ መስከረም አንድ ዘጠና ሦስት ይላል። አንች ልጅ ሁለቴ ነው እንዴ የተወለድሽው? ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ማኅሌት ወደ ኪቦርዱ አቀረቀረች።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

የብርጓል የራሳቸውን የልደት ቀን አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ስድሳ ስምንት ይላሉ፤ ሰባም ሊሆን ይችላል። የወለዷቸውን ልጆች ቀን እንኳ «በአጨዳ ጊዜ»፣ «ላሟ በሞተችበት ዓመት» እያሉ ነው የሚቆጥሩት። የማኅሌትን ቀን ግን ያውቁታል። ልጃቸው እናትዓለም ምጥ የያዛት በጳጉሜ ሦስት ነበር፤ የሩፋኤል ዕለት። ዝናብ እየወረደ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጠበል ነው ብለው ራቁታቸውን ከደጅ ይጨፍራሉ፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የአንዲት ሕፃን ጩኸት ከጓዳ ወጣ። የብርጓል ደጅ ወጥተው መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ያቆረውን ዝናብ ይዘው ገቡና የሕፃኗን ግንባር አራሱበት። እናትዓለም ኋላ እንፍራንዝ ተድራ ስትሄድ ሕፃኗ ከአያቷ ጋር ቀረች።

ሰባት ዓመት ሲሆናት ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቧት ወሰዷት። መዝጋቢው መምህር «መቼ ተወለደች?» አላቸው። «በሩፋኤል፣ በጳጉሜ» አሉት። እሱ ጻፈ። ምን እንደ ጻፈ አላነበበላቸውም፤ እሳቸውም አንብብልኝ አላሉትም። ሐምራዊ ቀለም ያለበትን ጨርቅ ወደ እሳቸው ገፋው፤ አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ደስ እያላቸው ወጡ። ጣታቸው ሦስት ቀን ሐምራዊ ሆኖ ቆየ።

በሦስተኛው ዓመት እዚያው ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተ። የብርጓል ከልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ክረምቱ ሳይገባ ማኅሌት የሦስተኛ ክፍል ካርዷን ይዛ መጣች። የብርጓል ካርዱን ተቀብለው እንደ ሰው ሊያነቡ ተቀመጡ። የተማሪው ስም። አነበቡ። የትውልድ ቀን፣ 1/1/1993።

«ይቺ መሐል ያለችው አንድ ምንድን ናት?»

«ወሩ ነው እናና። መስከረም።»

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ነበር። ርእሰ መምህሩ መዝገቡን አውጥቶ አሳያቸው። ከመስከረም አንድ ጎን የገዛ አውራ ጣታቸው ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል። «እርስዎ ራስዎ አረጋግጠዋል እኮ» አላቸው። «ሦስት ቀን ምን ይጎዳል?» ቤት ገብተው ደብተራቸውን ገለጡ። እስከዚያ ቀን የጻፉት ሁሉ ከሰሌዳ የተቀዳ ነበር። ከራሳቸው አውጥተው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ማኅሌት ጳጉሜ 3 ቀን 1992 ዓ.ም. ተወለደች።

እንግዲህ ከዓመታት በኋላ መታወቂያው መጣና የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ፣ አስመዝጋቢዋ እሳቸው ሆኑ። ማኅሌት «ከካርዴ ጋር ይለያያል» ብላ ነበር። አልሰሟትም። ቀበሌ ገብተው ጳጉሜ ሦስት ተብሎ ካልተጻፈ አልነሣም ብለው ወንበር ላይ ዋሉ። ተጻፈላቸው። መታወቂያውም በዚያው ወጣ። ለሁለት ዓመት እውነቱ በወረቀት ላይ ሰፍሯል ብለው እፎይ ብለው ነበር።

ነሐሴ ሃያ አንድ ጌትነት ዘንድ ተቀምጠው ስልክ ሲደውሉ ዋሉ። ቅጹ ግርጌ የእርዳታ ቁጥር አለ። ጠዋት አልተነሣም። ረፋድ ላይ ተነሥቶ ሙዚቃ አሰማቸው። ማኅሌት የአያቷን ስልክ ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ሁለቱም ቁጭ ብለው ሙዚቃ ሰሙ፤ ሙዚቃው አለቀና ስልኩ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ በስንት መከራ አንድ ወጣት አነሣ።

«ቅጹ ላይ ጳጉሜ የለም» አለች ማኅሌት።

«ከዝርዝሩ ውስጥ የልደት ወርዎን ይምረጡ።»

«ዝርዝሩ ውስጥ የለም እያልሁዎት ነው።»

«ያለውን ይምረጡ።»

«ያለው የእኔ አይደለም።»

«እንግዲያው ሲስተሙ አይቀበልም።»

ወይዘሮ የብርጓል ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ማን ትባላለህ?»

«ኦፕሬተር ሰባት ነኝ።»

«እናትህ እንደዚያ ብላ ነው የምትጠራህ?»

«ምን ልርዳዎት እማማ?»

«በጳጉሜ ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

«ትተኛለህ?»

«እተኛለሁ እማማ። ግን ሲስተሙን እኔ አልሠራሁትም።»

«ማን ነው የሠራው?»

«እሱን እኔም አላውቅም። ኢሜይል ይጻፉልን።»

ተጻፈ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ማኅሌት ደስ ብሏት ከፈተችው። ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን ይላል። ማመልከቻው ሊዘጋ የቀረው ሁለት ቀን ነው።

ሚኒባሱ አባይ ድልድይ ላይ ሲደርስ የብርጓል ልጅቱን ሰረቅ አድርገው አዩዋት። ማኅሌት በመስኮት ውኃውን ታያለች። መፍትሔው ምን እንደ ሆነ ሁለቱም ያውቁታል፤ ጌትነት ሳይቀር ነግሯቸዋል። ቅጹ ጳጉሜን ካላወቀ መታወቂያው ነው መለወጥ ያለበት፤ መታወቂያው እንዲለወጥ የልደት ምስክር ወረቀቱ መለወጥ አለበት፤ ወረቀቱን ማስለወጥ የሚችሉት አስመዝጋቢዋ ብቻ ናቸው። ልጅቱ ይኼን ሁሉ እያወቀች አልጠየቀቻቸውም። ብትጠይቃቸው ተቆጥተው ይወጣላቸው ነበር። አልጠየቀቻቸውም፤ ይኼ ነው ያንገበገባቸው። እነሱ ያርሱት በነበረው መሬት ላይ የበቀሉትን ባለ ፎቅ ቤቶች አልፈው ደጃቸው ደረሱ።

በማግሥቱ ማኅሌት ከዓሣ ምዝገባ ስትመለስ የብርጓል ነጠላቸውን አጣፍተው ደጅ ቆመዋል።

«ቀበሌ እንሂድ።»

«እናና፣ ይተውት። ሌላ ሥራ ይወጣል።»

«ሌላ ጣና ግን አይወጣም። በሎሚሽ ታጠቢና ነይ።»

ቀበሌ የወሳኝ ኩነት መዝገብ የምትይዘው ባንቺአየሁ ገና ከበሩ ስታያቸው አወቀቻቸው። ከፊቷ የተደረደረውን ሰው ሁሉ አስተናግዳ ተራቸው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ተቀምጠው ሳለ ወይዘሮ የብርጓል በመስኮት የሚያልፉትን ባጃጆች ታርጋ እያዩ ቁጥሩን በለሆሳስ ይጠሩ ነበር። ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልፉት፤ እንደ ኮዱ።

«ጳጉሜ ሦስት ካልጻፍሽ አልነሣም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለች ባንቺአየሁ መዝገቡን ገልጣ።

«ነኝ።»

«እዚች ወንበር ላይ። ምሳ ሳልበላ የዋልሁት በእርስዎ ነው።»

«አዎን።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

«ቅጽ ተገኘ» አሉ የብርጓል።

ማኅሌት አስረዳቻት። ባንቺአየሁ የልጅቱን የትምህርት ማስረጃዎች አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም መስከረም አንድ ይላሉ። ራሷን ነቀነቀች። «ይስተካከላል። ግን ያስመዘገቡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ቀኑን ተሳስቼ ነው ያስመዘገብሁት ብለው የእምነት ቃል መስጠት አለብዎት። እኔ እጽፈዋለሁ፣ እርስዎ አሻራ ያሳርፋሉ።» ይኼን እያለች የቀለሙን ሣጥን ወደ እሳቸው ገፋችው። ቀለሙ ሐምራዊ ነበር።

የብርጓል ሣጥኑን መልሰው ገፉት። «ወረቀትና ብዕር ስጭኝ። እጽፋለሁ።»

«ይቆያል እኮ እማማ፤ ሰው አለ።»

«እኔም ከጠዋት ጀምሬ ሰው ነበርሁ።»

ባንቺአየሁ ብዕሯን ሰጠቻቸው። የብርጓል መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ወረቀቱን በግራ እጃቸው ይዘው ጀመሩ። ስማቸውን ጻፉ። የልጅ ልጄ የማኅሌት የትውልድ ቀን መስከረም 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲሆን ብለው ጻፉ። ጳጉሜ 3 ቀን 1992 ብዬ ያስመዘገብሁት። እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። ከኋላ የቆመ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ማኅሌት ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች።

«እናና፣ ይነሡ። በእውነት። አልፈልገውም።»

«አትነካኪኝ፣ ፊደሉ ይበላሻል።» ድምፃቸው ቁጣ ነበረበት፤ የተቆጡት ግን እሷን አልነበረም። «ያን ጊዜ ሳላውቅ ነው ያስፈረሙኝ። አሁን የምጽፈውን አውቀዋለሁ።»

ተሳስቼ ነው ብለው ጻፉ። እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ፣ እንዳይነካካ አድርገው ጻፉት። ቀኑን አኖሩበት፣ ፈረሙ፣ ወረቀቱን ሰጡ። ባንቺአየሁ አነበበችው፤ አንዴ ቀና ብላ አየቻቸውና ማኅተሙን መታችበት።

መታወቂያውን ማስተካከል ቀጥሎ ሌላ ጣጣ ነበር። መብራት ሄደ፤ ወረፋው ተበተነ፤ መብራት መጣ፤ የተበተነው ሰው ሁሉ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። በሃያ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የተስተካከለው መታወቂያ እጃቸው ገባ። ጌትነት ዘንድ ሲደርሱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ ወንበሩን ይዞላቸው ነበር፤ የሚመቱትን ኮምፒዩተር ሳይሆን ደኅናውን።

«ኮድ ልኳል።»

ወይዘሮ የብርጓል መሐረቡን አስቀድመው ፈትተዋል። «ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ዜሮ።» በአንድ ትንፋሽ።

ጌትነት ቀና ብሎ አያቸው። «ማን አስተማረዎት?»

«ባጃጅ።»

ቅጹ ተከፈተ። መስከረም፣ አንድ፣ ዘጠና ሦስት። አረንጓዴ ሆነ። ዲግሪው ተጫነ፤ ፋይሉ ትልቅ ነው ተብሎ ተመለሰ፤ ጌትነት አሳነሰው፤ እንደገና ተጫነ። ፎቶው ጀርባው ነጭ አይደለም ተባለ፤ የጌትነትን ሱቅ ነጭ ግድግዳ ፍለጋ ካላንደሩን አውርደው እዚያው አነሷት። አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ማመልከቻዎ ተመዝግቧል የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩ መለያ ቁጥር። ማኅሌት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የብርጓል ከቦርሳቸው ያቺን አሮጌ ደብተር አውጥተው የልደት ቀኗ ያለበትን ገጽ ገለጡና መለያ ቁጥሩን ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ሥር ገለበጡት። ዓረፍተ ነገሯን አልሰረዟትም።

ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ማኅሌት ሐይቁ ዳር ዓሣ እየመዘገበች፣ የብርጓል ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ጉያቸው ተንቀጠቀጠ። ስልኩን አወጡ። ኮድ አይደለም፤ ረጅም ነው። ፊደል ለፊደል ሄዱበት። ውድ አመልካች። ለጽሑፍ ፈተና ተመርጠዋል። ፈተናው የሚሰጠው ባሕር ዳር ነው፤ ከጠዋቱ 2፡30። ከዚያ ቀኑ ጋ ደረሱ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉ። እንደገና አነበቡት። ሦስተኛ አነበቡት።

«አይ አንች መንግሥት» አሉ ለብቻቸው። «ስትፈልጊውማ ታውቂዋለሽ።»

ማኅሌት አዲስ ስልክ ገዝታ ነበርና ደወሉላት። ከወዲያ ሚዛን ሲንኳኳ፣ ሰዎች በዓሣ ሲጨቃጨቁ ይሰማል።

«ምነው እናና፣ ደኅና?»

«መልእክት መጥቷል። ፈተና ጠርተውሻል።»

ሚዛኑ ዝም አለ፤ ወይም እሷ ራቅ ብላ ሄደች። «መቼ?»

«በልደትሽ ቀን።»

«መስከረም አንድ? በበዓሉ? እንዴት በበዓል ይፈትናሉ?»

«በልደትሽ ቀን አልሁሽ።»

ከዚያ ማኅሌት ስትስቅ ሰሙ፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ኋላ ሙሉ በሙሉ፤ ከሁለት ክረምት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰሟትም ነበር። አብሯት የሚሠራው ሰው «ምን ነካሽ?» ሲላት ተሰማ።

«ለዚያ ኦፕሬተር ሰባት ልደውልለት እንዴ?» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

«ተይው፣ ሙዚቃውን ያስሰማሻል። ይልቅ ስሚኝ» አሉ የብርጓል። «በሩፋኤል ይዘንባል። ጃንጥላ እንዳትይዢ። መታወቂያሽን ብቻ በላስቲክ ጠቅልይው።»